ስልሳ ሦስት ቀኝ እጆች

ሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ አዲስ አበባ

ከተማው ገና አልነቃም። ሹፌራችን ጋሽ በላቸው የላንድክሩዘሩን ሞተር እያሞቀ በግራ ዓይኑ ሁለት ጊዜ ጠቀሰኝ። ሰላምታ መስሎኝ ፈገግ አልኩለት። ቆይቼ ሳየው ለዘበኛውም፣ ለበሩም፣ ለጎማውም ይጠቅሳል። የዓይን ሽፋን መኮማተር ነው። ደብተሬን አውጥቼ መዘገብኩት።

«ዶክተር፣ በጠዋቱ ምን ይጽፋሉ?»

«ዓይንህን።»

«ዓይኔን ይተዉት። መንገዱን የማይበት እኔ ነኝ።»

አንባቢ ይፍረደኝ፤ በሽታዬ ነው። የነርቭ ሐኪም ነኝ። በዚያን ጊዜ በአገሩ ያለነው በጣት የምንቆጠር ነበርን። የኔ ድርሻ ደግሞ የሚንቀጠቀጠው፣ የሚገተረውና የሚንቀራፈፈው ሰው ነው። ዓመታት ሙሉ ፓርኪንሰንን ሳጠና ሕመምተኞቼ የሚመጡልኝ አንድ በአንድ፣ ያውም ጠበል ካሰለቻቸው በኋላ ነው። በአንድና በሁለት ሰው ደግሞ ጥናት አይጻፍም። ታዲያ ክልል ከሆነ ብዙም ካልቆየው ከጋምቤላ አንድ ደብዳቤ ሲመጣልኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «በአንድ መንደር የመንቀጥቀጥ ወረርሽኝ ስለተከሰተ ባለሙያ በአስቸኳይ ይላክልን» ይላል።

ወረርሽኝ! እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። ስሜ በውጭ አገር መጽሔት ላይ ታትሞ ታየኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የጉልበት መዶሻ፣ ሦስት ደብተርና ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ የፓርኪንሰን ክኒን ይዣለሁ። ክኒኑ በአገር ውስጥ የማይገኝ፣ ለጥናቱ ብዬ በስንት ልመና ያስመጣሁት ነው።

ማክሰኞ፣ ማምሻ፤ መቱ

ትናንት ጅማ አደርን። ዛሬ ከበደሌ ወዲህ ያለው መንገድ አንጀታችንን አላቀቀው። ጫካ፣ ጭጋግ፣ መንገድ ዳር የተሰጣ ቡና፣ ድልድይ ላይ ቆሞ አልሄድም ያለ በሬ። ጋሽ በላቸው ለበሬው ጠቀሰለት፤ በሬው ግን አልተረዳውም።

ያረፍንበት ሆቴል አሳላፊው ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ጥብስ ሲያቀርብ አየሁት፣ ሳህን ሲያነሳም አየሁት። ስላላስቻለኝ ጠራሁት።

«እግርህ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከጠዋት ጀምሮ ነው ጋሼ። ጫማው የወንድሜ ነው፣ ሰፋኝ።»

ጋሽ በላቸው የጎረሰው ትን እስኪለው ሳቀ። እኔ ጥብሴን በላሁ።

ረቡዕ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፤ ጋምቤላ

ጎሬን አልፈን፣ ቡሬን አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ በየኩርባው አንድ ልብስ አወለቅን። ጎሬ ላይ ኮት፣ ቡሬ ላይ ሹራብ፣ ሜዳው ላይ ካልሲ። የባሮን ድልድይ በካኔተራ ተሻገርን። የካቲት ነው፤ አስፋልት ቢኖር ኖሮ ይቀልጥ ነበር። ወንዙ ዳር ረዣዥም ሰዎች ይታጠባሉ፣ ልጆች ይጠልቃሉ፣ አሳ በጭቃ በተለቀለቀ ቅርጫት ይሸጣል። አንዱን ጥብስ አሳ ለሁለት በልተን አቃተን። እንዲህ ያለ አሳ በልቼ አላውቅም።

የሄድኩበት የጤና ቢሮ ምልክት ሰሌዳ ሦስት ጊዜ ተቀብቷል፤ ከአዲሱ ስም ሥር ሁለቱ አሮጌ ስሞች ይታያሉ። ኃላፊው ሞቅ አድርጎ ተቀበለኝ። ወንበር አንድ ስለሆነ ለኔ ሰጠኝና እሱ መስኮቱ ላይ ተቀመጠ። የወረዳ መሸኛ ጻፈልኝ፣ ፈረመልኝ። ማኅተም ብቻ ቀረ።

«አዲሱ ማኅተም ይመጣል» አለ።

«መቼ?»

«ክብ ይሁን ሞላላ እየተወያዩ ነው። ካለቀ ይመጣል።»

«እስከዚያስ?»

ትንሽ አሰበና «እስከዚያ እኔ መንገድ ላይ ቆሜ ‹ይሄ ሰው ልክ ነው› እላለሁ» አለኝ። እውነትም ወጥቶ ቆመና ላንድክሩዘሩ እስኪሰወር እጁን አነሳልን።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፤ ከአቦቦ ወደ ጎግ በሚወስደው መንገድ

መንደሩ ስም የለውም፤ ያለው ቁጥር ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ አምጥተው ያሰፈሯቸው ገበሬዎች ናቸው። ቤቶቹ በገመድ ተለክተው ስለተሠሩ ሰልፍ ላይ ያሉ ይመስላሉ። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ በየጓሮው ማንጎ። የመንደሩ ጤና ረዳት እታፈራሁ ነጭ ጋውኗን ለብሳ መንገድ ላይ ጠበቀችን። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ፊቷ ላይ ጭንቀት አለ።

«ዶክተር፣ ከአዲስ አበባ ድረስ ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። እኔ ምክር ብቻ ነበር የጠየቅሁት።»

አልሰማኋትም። ከጀርባዋ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለውን ሰልፍ እያየሁ ነበር። ወንድ፣ ሴት፣ ሽማግሌ፤ ቆጠርኩ፤ ስልሳ ሦስት ሰው። ስልሳ ሦስቱም ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አንዷ እናት በግራዋ ሕፃን ታቅፋ በቀኟ ትንቀጠቀጣለች። አንዱ ዣንጥላውን በግራ ይዞ በቀኙ ይንቀጠቀጣል።

ሰው አስመስሎ ሲንቀጠቀጥ አውቃለሁ። ከውትድርና ለመቅረት የተንቀጠቀጠ፣ ከሚስቱ ለመሸሽ የተንቀጠቀጠ ስንቱን አይቻለሁ። አስመሳይ መላ አካሉን ያራግባል፤ ዕቃ አንሳ ሲሉት ይብስበታል። እነዚህ ግን አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር ሽምብራ እንደሚያንከባልል ሰው ቀስ አድርገው ያሻሉ። ኩባያ ስዘረጋላቸው እጃቸው ጸጥ ይላል። መልሰው ጭናቸው ላይ ሲያስቀምጡት እንደገና ይጀምራል። መጽሐፉ የሚለው ይህንኑ ነው። ገበሬ ይህን ከየት ያውቃል? በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሐኪም የለም ብዬ ዕንባዬ መጣ።

«ጋሽ በላቸው፣ ታሪክ እየተሠራ ነው» አልኩት።

«ጥላ ሥር ቢሠራ ምናለበት» አለኝ።

ከፊት ያሉት አባ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጢማቸው ነጭ፣ ዓይናቸው የሚስቅ።

«ከጀመረዎ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ወላሂ ዶክተር፣ ቀንም አይተወኝ፣ ማታም አይተወኝ።»

አንድ ምርመራ ቀርቶኛል። እውነተኛ ሕመምተኛ ሒሳብ ሲያስብ እጁ ይብስበታል።

«አባ፣ መቶ ፍየል አለዎት እንበል።»

«አልሐምዱሊላህ።»

«በየገበያው ሰባት ሰባት ይሸጣሉ። በመጀመሪያው ገበያ ስንት ቀረ?»

«ለምን ብዬ እሸጣለሁ? ዘጠና ሦስት።»

«ቀጥሎስ?»

«ዘጠና ሦስት… ሰባት ሲነሳለት… ሰማንያ… ቆይ…» እጃቸው ቆመ። ፀጥ አለ። «ሰማንያ ስድስት!»

«አባ ይማም፣ እጅዎ ቆመ እኮ።»

ዝቅ ብለው አዩት። «ደክሞት ይሆናል» አሉ፤ መልሰውም አስጀመሩት።

ስልሳ ሦስቱንም ፍየል አስቆጠርኳቸው። አንዳንዱ ፍየሎቹ አለቁበት፣ አንዷ ሴት የኔ ፍየል አይሸጥም ብላ ተከራከረችኝ። ሰባት ሲነሳ ግን የሁሉም እጅ ቆመ። ከስልሳ ሦስቱ አንድም በሽተኛ የለም። መጽሔቴ፣ ስሜ፣ ሁሉም እዚያው አቧራው ላይ ወደቀ። ንዴቴ ጆሮዬ ድረስ ወጣ።

«ለምንድን ነው የምትቀልዱብኝ?»

እታፈራሁ መሬት መሬት ታያለች። ላለመጮህ ብዬ ዞር ስል በክፍሉ መስኮት ሰሌዳው ታየኝ። በጠመኔ እንዲህ ተጽፏል፦ «ክልላችን በባሮ፣ በአኮቦ፣ በጊሎና በአልዌሮ ወንዞች ትታወቃለች።» «ክልላችን» የሚለው ቃል ክንድ ያህላል። ባሮ መዳፍ ያህላል። ወደ መጨረሻው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ አልዌሮን ለማንበብ መነጽሬን አወለወልኩ። የጻፈው እጅ እየሄደ ያልቅበታል፤ የፊደል ማነስ ደግሞ የዚሁ በሽታ ምልክት ነው።

እነዚህ ሰዎች መንቀጥቀጡን ከአየር አልቀዱትም። የቀዱበት ሰው አለ።

«መምህሩ የት ናቸው?» አልኩ።

ስልሳ ሦስቱም ቀኝ እጆች ባንድ ጊዜ ቆሙ።

በዚያው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ ጎተራው ጥላ ሥር

መምህር ደርበው ከበቆሎ ጎተራው ኋላ ወጡ። አጭር አጭር እርምጃ ነው፤ ቀኝ ክንዳቸው ከጎናቸው አይላቀቅም፤ እጃቸው ሽምብራውን ያሻል። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ነው። እንኳን ደህና መጡ ሲሉኝ ድምፃቸው ሞቅ ያለ ነው፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ነገሩ አንድ በአንድ ተነገረኝ። እታፈራሁ በመጀመሪያ የጻፈችው «አንድ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ፣ ምክር ስጡኝ» ብላ ነው፤ ስም አልጠቀሰችም። ወረዳው «የተወሰኑ ሰዎች» ብሎ አሳለፈው። ከዚያ በላይ ያለው «በርካታ» አለው። ክልል ሲደርስ ወረርሽኝ ሆነ። በየደረጃው ያለው ሹም ለአንድ ሰው ብሎ ማስቸገሩ ነውር መስሎታል።

በዚያው ሰሞን አዲሱ መስተዳድር የመንግሥት ሠራተኛውን እንደ አዲስ እየመዘገበ ነበር። በሌለ ሰው ስም የሚሠሩ አሉ ስለተባለ የእያንዳንዱ ፊርማ ከአሮጌው ዶሴ ጋር ይመሳከራል። የመምህር ደርበው የጥንት ፊርማ ገጹን የሚሞላ ነው። የዛሬው ጉንዳን ነው። «የዶሴው ደርበው አንተ ላትሆን ስለምትችል ዓርብ ጠዋት ኮሚቴ ፊት ቀርበህ ፈርም» የሚል ጥሪ ደርሷቸዋል። ሌላ ሰው ነህ ከተባሉ ይባረራሉ። ታመሃል ከተባሉም ይሰናበታሉ። አራት ክፍል የሚያስተምሩት ብቻቸውን ናቸው። በፊት የተላኩት ሁለት መምህራን አንዱ ወባ ይዞት፣ አንዱ ገና ሙቀቱን ሲያይ ተመልሰዋል። እሳቸው ከሄዱ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል።

«መንደሩ ሁሉ መንቀጥቀጡ ታዲያ ምን ይጠቅማል?» አልኩ።

የመለሱልኝ አባ ይማም ናቸው። «ዶክተር፣ እኛ ተመዝግበን የመጣን ሰዎች ነን። መዝገብ እናውቃለን። ብቻውን የተመዘገበ ሰው ይወሰዳል። አገር ሙሉ ከተመዘገበ ግን ወረቀቱ ይበዛባቸውና ይተዉታል። ሐኪም ይመጣል ሲባል መምህሩ ፊት ተቀምጠን ሦስት ሳምንት ተለማመድን።»

አፈርኩ። እነሱ አንድ ሰው ለማትረፍ ሲንቀጠቀጡ እኔ ስልሳ ሦስት በሽተኛ አገኘሁ ብዬ በደስታ አልቅሻለሁ።

መምህሩን ብቻቸውን መረመርኳቸው። ፍየል ሲቆጥሩ እጃቸው ባሰ።

«እርስዎ አይደብቁኝ» አሉ።

«ፓርኪንሰን ይባላል። አይድንም። ክኒኑ እጅዎን ይመልስልዎታል፣ በሽታውን ግን አያቆመውም።»

«ስንት የትምህርት ዓመት አለኝ?»

«አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።»

«ለሰኔ ፈተና እደርሳለሁ?»

«ለእሱ ይደርሳሉ።»

«እንግዲያ ቀሪውን ሰኔ ላይ እናወራዋለን» አሉና አራተኛ ክፍልን ሊያስተምሩ ገቡ።

ዓርብ፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት

ስብሰባው ለሦስት ሰዓት ነው የተጠራው። ክኒኑን ሁለት ሰዓት ላይ በባዶ ሆዳቸው ሰጠኋቸው። ሆዳቸውን አገላበጣቸው፣ ላባቸው ችፍ ችፍ አለ፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት ሲሞላ እጃቸው ጸጥ አለ። የሲጋራ ወረቀት ላይ ፈረሙልኝ፤ ከዳር ዳር ሞላው። መምህር ደርበው ፊርማቸውን አይተው ሳቁ፣ ፊታቸውም አብሮ ሳቀ። ዓመታት በሥራው ኖሬም ይህን ሳይ ሆዴ ይባባል።

ኮሚቴው ግን አልተቀመጠም። የዶሴው ሣጥን ቁልፍ ከጸሐፊው ዘንድ ነው። ጸሐፊው አዲሱን ማኅተም ሊያመጣ ጋምቤላ ሄዷል። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ መምህሩ እጃቸውን ያያሉ፣ አባ ይማምና መንደሩ ውጭ ማንጎው ሥር ተቀምጠው እኛን ያያሉ። ስድስት ሰዓት ላይ አውራ ጣታቸው ሽምብራውን ማሸት ጀመረ። ሌላ ክኒን እንዳልሰጥ ያስመልሳቸዋል ብዬ ፈራሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ጸሐፊው ቁልፉን ይዞ፣ ማኅተሙን ሳይዝ መጣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኦሞድ ናቸው፤ አኙዋክ፣ በጣም ረዥም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት የተቆለፈ። ሁለት አባላት ከግራና ከቀኝ ተቀመጡ።

መምህሩ ፈረሙ። ጉንዳን።

አቶ ኦሞድ አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አስቀመጡት። «መምህር፣ እኔ አንተን አውቃለሁ። ትልቋ ልጄን አስተምረሃል። ወረቀቱ ግን አያውቅህም። ይሄ ትልቅ፣ ይሄ ትንሽ። እኔ ምን ልበለው?»

መምህሩ በሽታዬን አይናገሩብኝ ብለው ቃል አስገብተውኛል። አላስቻለኝም፤ ተነሳሁ።

«እኔ እመሰክራለሁ። ሰውየው ራሳቸው ናቸው።»

«አንተ ማነህ?»

የተልእኮ ደብዳቤዬን ሰጠሁ። አነበቡት።

«ጥሩ። ምስክር ይፈርማል።»

ፈረምኩ። አቶ ኦሞድ ደብዳቤው ላይ ካለው ፊርማዬ ጎን አስቀመጡት። ረዥም ጊዜ አዩት።

«ዶክተር፣ ይሄም አንተ አይደለህም።»

እንደገና ፈረምኩ፤ ሌላ ሆነ። ሦስተኛው ከሁለቱም የባሰ ነው። በቀን ሰባ ማዘዣ የሚጽፍ ሰው ፊርማ የለውም፤ ያለው ጭረት ነው። አባላቱ በሹክሹክታ ተመካከሩ። ጋሽ በላቸው በሩ ላይ ሆኖ «እኔ አውቀዋለሁ፣ እሱ ነው» ሲል ጠቀሳቸው፤ ነገሩን ይበልጥ አጠራጣሪ አደረገው።

«እንዲህ ነው ፊርማ» አሉ አቶ ኦሞድ በትዕግሥት። ብዕሩን ወስደው ተጠንቅቀው ፈረሙና ካለፈው ሳምንት ቃለ ጉባኤ ጋር አስተያዩት። ፊታቸው ተለወጠ። የሁለተኛው አባል የፊርማ ጅራት ወደ ላይ ወጥቶ ነበር፣ ዛሬ ወደ ታች ወረደ። የሦስተኛው አንድ ፊደል ጎደለው። ላብ ነው፣ ብዕሩ ነው፣ ሙቀቱ ነው እየተባለ አምስት ሰዎች ሰዓት ሙሉ ስንፈርም ቆየን። ጠረጴዛው ላይ ራሱን የመሰለ ሰው አልተገኘም።

በመጨረሻ አቶ ኦሞድ ለጸሐፊው አጻፉ፦ «በዛሬው ዕለት የማንም ፊርማ ከራሱ ፊርማ ጋር ስላልተመሳሰለ መምህሩ ሥራቸውን ይቀጥሉ።»

ጸሐፊው ብዕሩን ዘረጋ። «ይፈረም?»

ሁላችንም ብዕሩን አየነው፤ የነካው ግን የለም።

«አሻራ» አሉ አቶ ኦሞድ።

የቀለም ሰሌዳ መጣ። መምህር ደርበው ቀኝ አውራ ጣታቸውን አስነኩና ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፉት ሲሉ ድካሙም ፍርሃቱም ተጨምሮ የእጃቸው መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተነሳ። ወረቀቱን ሊያቆሽሹት ነው። አቶ ኦሞድ ተጎንብሰው ያን እጅ በራሳቸው ሰፊ መዳፍ ያዙት። መንቀጥቀጡ ተሰማቸው። ቀና ብለው መጀመሪያ መምህሩን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ።

«ቀለሙ በዝቷል» አሉ። «ይንሸራተታል።» ጣቱን ተጭነው፣ ቀለሙ እስኪደርቅ እጁን ሳይለቁ ቆዩ።

ውጭ ስንወጣ አባ ይማም «ምን ሆነ?» አሉ። መምህሩ የጠቆረ አውራ ጣታቸውን አሳዩአቸው። መንደሩ እልል አለ። ሁለቱን ጠርሙስ ለእታፈራሁ ሰጥቼ አወሳሰዱን አስጻፍኳት። ቆጥባ ከሰጠች ሦስት ወር ያደርሳቸዋል።

ሰኞ፣ ረፋድ፤ አዲስ አበባ

ከጋምቤላ እስከዚህ ያወለቅነውን ልብስ በየኩርባው መልሰን ለበስን። ሪፖርቴን ጻፍኩ። ቅጂው ለክልሉ፣ ከክልሉም ለወረዳው እንደሚላክ አውቃለሁ። «በሰልፍ ቀርበው የተመረመሩ፦ ስልሳ ሦስት። ከእነሱ መካከል የተገኘ ሕመምተኛ፦ የለም።» አንድም ቃል አልዋሸሁም። መምህሩ ሰልፉ ውስጥ አልነበሩም። መጽሔቱ ግን ቀረብኝ፤ አልዋሽም፣ አሞኛል።

ኃላፊዬ አነበበው። «ይህን ሁሉ መንገድ ለባዶ?»

«ለባዶ» አልኩ፤ የዕረፍት መጠየቂያ ቅጽም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ለዓመታት ዕረፍት ጠይቄ አላውቅም። የሚቀጥለውን ሦስት ወር ክኒን የሚልክልኝ ጓደኛዬ ዘንድ ጠዋት ደውዬ ነበር።

«ግንቦት ላይ?» አለ። «የት ልትሄድ?»

«ጋምቤላ።»

«ለምን?»

«አሳው ጥሩ ነው።»

መነጽሩን አወለቀ። እሱም ሐኪም ነው፤ ለረዥም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«እስኪ እጅህን ዘርጋ» አለኝ።

ሁለቱንም ዘረጋሁ። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነስኩ እንድቆጥር አዘዘኝ፤ ቆጠርኩ። አልተንቀጠቀጡም። ቅጹን ሳበና ፈረመልኝ።